የኤርብራሽ መለዋወጫ አፈላለግ፦ ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

«የኤርብራሼ መርፌ ጫፉ ታጠፈ፤ መለዋወጫው የት ይገኛል?» ተብዬ ሳልጠየቅ የማልፍበት ወር የለም። ጠያቂዎቹ በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት አድቅቆ በሚረጭ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ፣ የፕላስቲክ ሞዴል የሚቀቡ፣ ኬክ የሚያስጌጡ ወይም ቲሸርት ላይ የሚሥሉ ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ እንደ እኔ ከከተማው ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ ወገን ስለሆኑ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀናቸውን ይበላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በተናጠል ከመመለስ የምከተለውን አሠራር በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

መመሪያው የሚመለከተው ባለ ሁለት ተግባሩን ኤርብራሽ ነው፤ ይኸውም ቃታው ወደ ታች ሲጫኑት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ ቀለም የሚለቀው ነው። ከክፍሎቹ መካከል ከውጭ ማስመጣት ግድ የሚሆነው መርፌው፣ ቀለሙ የሚወጣበት ኖዝልና የኖዝሉ ክዳን ናቸው። የጎማ ቀለበቶቹ፣ ሞላዎቹ፣ የአየር ቱቦውና ማያያዣዎቹ እዚሁ ይገኛሉ ወይም ይሠራሉ። ብዙ ሰው በከንቱ የሚንከራተተው እነዚህን ሁለት ወገኖች ሳይለይ ከቤቱ ስለሚወጣ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሊፐር፣ ማለትም የትንንሽ ነገሮች ስፋትና ውፍረት መለኪያ (ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል)
- የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር፣ ካልሆነም አቅርቦ ማንሳት የሚችል የስልክ ካሜራ
- ከኤርብራሹ ጋር የመጣችው ትንሿ የኖዝል መፍቻ እና ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ
- ጠርዝ ያለው ትሪ እና በላዩ የሚነጠፍ ነጭ ጨርቅ
- ክዳን ያላት ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ እና ባዶ የእስክሪብቶ ቀፎ
- የሚጠቀሙበትን ቀለም የሚያሟሟ ፈሳሽ
- አንድ ብርጭቆ ውሃ እና የሳሙና አረፋ
- ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ የንብ ሰም
- ቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት
- ጓንት እና የአፍና አፍንጫ መከላከያ

ማስጠንቀቂያ። ቲነርና አሴቶን በቀላሉ የሚቀጣጠሉ ናቸው፤ ትነታቸውም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተጉዞ ራቅ ብሎ ያለ እሳት ላይ ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ከሰል በተያያዘበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይሥሩ፤ በረንዳ ላይ መሥራት የተሻለ ነው። ኤርብራሹን ከመፍታትዎ በፊት ኮምፕረሰሩን ያጥፉ፣ በቱቦው ውስጥ የቀረውንም አየር በቃታው ያስወጡ። ለኬክ የሚያገለግል ኤርብራሽ ካለዎት ለሌላ ቀለም ከዋለ ኤርብራሽ የወጣ ክፍል አይግጠሙበት።

ደረጃ 1። ክፍሉ በእርግጥ መበላሸቱን ያረጋግጡ

ይህ ደረጃ ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ኤርብራሹን በደንብ ያጽዱ፤ ከዚያ የሚያዩትን ምልክት ከሚከተሉት ጋር ያነጻጽሩ።

በቀለም ጽዋው ውስጥ አረፋ የሚንተከተክ ከሆነ አየር በኖዝሉ መቀመጫ በኩል ወደ ኋላ እየገባ ነው። ምክንያቱ ኖዝሉ መላላቱ ወይም መሰንጠቁ ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ኖዝሉን በመጠኑ ያጥብቁት። አረፋው ካልቆመ በጥርሱ (በሚጠብቅበት የብሎን ጠመዝማዛ) ዙሪያ እጅግ ጥቂት የንብ ሰም ቀብተው እንደገና ይሞክሩ። ሰሙ አየር የሚያሾልከውን ክፍተት ስለሚደፍን፣ ኖዝሉ ያልተሰነጠቀ ከሆነ ችግሩ በዚሁ ያበቃል።

ቀለሙ ወደ አንድ ጎን ከተረጨ መርፌውን ከማጥበቂያው ፈትተው በግማሽ ዙር ያዙሩትና መልሰው ይሞክሩ። የመርጨቱ አቅጣጫ ከመርፌው ጋር አብሮ ከዞረ የታጠፈው መርፌው ነው፤ ካልዞረ ግን ጥፋቱ በኖዝሉ ወይም በክዳኑ ላይ ነው። ይህቺ ሙከራ አንድ ደቂቃ እንኳ አትፈጅም፤ ነገር ግን ሳይሞክሯት መርፌ ያዘዙ ሰዎች መርፌው ከደረሰ በኋላ ቀለማቸው እንደ ቀድሞው ወደ ጎን ሲሄድ አይቻለሁ።

ቃታውን ሳይነኩት አየር የሚያፏጭ ከሆነ የአየር ቫልቩ ጎማ አርጅቷል፤ የሚወጣው ቀለም ከሆነ ደግሞ መርፌው ከኖዝሉ ጋር በትክክል አልተገናኘም። በቃታው ሥር ቀለም ከታየ የመርፌው ማሸጊያ፣ ማለትም መርፌው የሚያልፍበት ትንሹ የጎማ ወይም የቴፍሎን ቀለበት ተበልቷል። አየሩ የሚያመልጥበትን ቦታ ለመለየት በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ የኤርብራሹን የፊት ጫፍ ብቻ ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር መልቀቅም ይቻላል።

ቀለሙ እየተቆራረጠ ወይም እየተፋ የሚወጣ ከሆነ ግን ወደ ገበያ ከመሮጥዎ በፊት ወቅቱን ያስቡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ መንገዱን ይዘጋል፤ በክረምት ደግሞ ኮምፕረሰሩ የሚስበው አየር እርጥብ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀምና ከቀለሙ ጋር እየተቀላቀለ ይተፋል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ቀለሙን ማቅጠንና ጫፉን በየጊዜው መጥረግ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ከኮምፕረሰሩ ጋር የሚገጠመውን የውሃ ማጥመጃ ማፍሰስ ነው። ሁለቱም መለዋወጫ አይፈልጉም።

ደረጃ 2። በቅደም ተከተል ይፍቱ

ነጭ ጨርቁን ትሪው ላይ ያንጥፉ። የኋላውን እጀታ ይፍቱ፣ የመርፌውን ማጥበቂያ ዳዶ ያላሉ፣ መርፌውን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡ። ከዚህ በኋላ ብቻ የመርፌውን መከለያ፣ የኖዝሉን ክዳን፣ በመጨረሻም ኖዝሉን ያውጡ። መርፌው ሳይሳብ ኖዝሉ ከተነካ ጫፉ ኖዝሉን ከውስጥ ሊቧጭረው ወይም ራሱ ሊታጠፍ ስለሚችል ይህ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት።

ባለ ጥርስ ኖዝል የስንዴ ፍሬ ታህላለች። ስትወጣ በቀጥታ ወደ ብልቃጡ ትግባ፤ ማጠቢያ ገንዳ ላይም አትፈታ። አብዛኛውን ጊዜ ከናስ ወይም ከመሰል ብረት ስለምትሠራ መሬት ላይ ብትወድቅ በማግኔት ፈልጎ ማንሳት አይቻልም።

ደረጃ 3። ሊታረም የሚችለውን ያርሙ

ጫፉ ትንሽ የታጠፈ መርፌ ይድናል። መርፌውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያስተኙት፣ ጫፉን በጥፍርዎ ወይም ለስላሳ በሆነ የእንጨት ቁራጭ ቀስ ብለው ተጭነው ያንከባልሉት። ከዚያም በቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት እጥፋት ውስጥ አስገብተው መርፌውን በጣቶችዎ እያሽከረከሩ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳቡት። በፒንሳ አያቅኑት፤ የፒንሳው ጥርስ የሚተወው ጭረት ቀለም ይይዝና ከመጀመሪያው መታጠፍ የባሰ ችግር ይሆናል። የተሰነጠቀ ወይም አፉ እንደ መለከት የተከፈተ ኖዝል ግን አይጠገንም።

ደረጃ 4። ኤርብራሹ የማን ሥራ እንደሆነ ይለዩ

ስሙና ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በአካሉ ጎን ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ኢዋታ የጃፓን፣ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ የጀርመን፣ ባጀርና ፓሽ የአሜሪካ ሥራዎች ሲሆኑ የአንዱ መርፌና ኖዝል ለሌላው አይሆንም። ምንም ስም የሌለበት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቻይና ሥራ ነው፤ የእነዚህ መለዋወጫ እንደ 130 ወይም 180 ባለ የሞዴል ቁጥር ይሸጣል። ብዙዎቹ የኢዋታን ቅርጽ የተከተሉ ቢሆኑም መልካቸው መመሳሰሉ ጥርሳቸው አንድ ነው ማለት አይደለም።

ኖዝሉ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ኖሮት በመፍቻ የሚጠብቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥርስ የሌለውና በቦታው ተቀምጦ በክዳኑ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ ላይና ኤክሊፕስ በተባለው የኢዋታ ሞዴል ላይ ይገኛል። ለማዘዝ ሲነሱ የትኛው እንደሆነ ማወቅዎ ከስሙ ባልተናነሰ ያስፈልጋል።

ደረጃ 5። ይለኩ፣ ፎቶ ያንሱ

መርፌውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ውፍረቱንም በመካከሉ ላይ ይለኩ። የኖዝሉን ቀዳዳ በቀጥታ መለካት ስለማይቻል በዘዴ እንሄዳለን፦ የመርፌውን ሹል ጫፍ በማርከር ይቀቡ፣ ሲደርቅ ኖዝሉ ውስጥ በቀስታ ያስገቡና አንድ ጊዜ ያሽከርክሩት። ማርከሩ የተፋቀበት ቀለበት መርፌው የኖዝሉን አፍ የነካበት ቦታ ነው፤ የዚያ ቦታ ውፍረት የቀዳዳውን መጠን በግምት ይሰጥዎታል። 0.2፣ 0.3 እና 0.5 ሚሊ ሜትር የተለመዱ መጠኖች ስለሆኑ ያገኙትን ቁጥር ለእነዚህ ለሚቀርበው ይስጡት። የካሊፐሩን ጥርሶች ጫን አያድርጓቸው።

የጎማ ቀለበት ሲለኩ ደግሞ ቀለበቱን ሳይሆን የተቀመጠበትን ጎድጓዳ ይመኑ። ቲነር የጠጣ ጎማ ስለሚያብጥ ልኩ ይዋሻል።

ለአየር ቱቦው የማያያዣውን ጥርስ የውጭ ስፋትና በ10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ብዛት ይመዝግቡ። ወደ 9.7 ሚሊ ሜትር ስፋትና 11 ያህል ጥርስ ካገኙ አንድ ስምንተኛ ኢንች ነው፤ ኢዋታና አብዛኞቹ የቻይና ኤርብራሾች ይህን ይጠቀማሉ። የመኪና ቀለም ኮምፕረሰሮች ላይ የተለመደው ሩብ ኢንች ግን ወደ 13 ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

ደረጃ 6። ከተማው ውስጥ የሚገኘውን ከከተማው ይግዙ

ለኦሪንግ (ለጎማ ቀለበት) ወደ ሶማሌ ተራ መሄድ ወይም በአካባቢዎ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ መጠየቅ ይችላሉ። አሮጌውን ቀለበትና የለኩትን ቁጥር ይዘው «ወንድሜ፣ የዚህ እኩያ ኦሪንግ አለህ?» ብለው ቢያሳዩ ይበቃል። «ኖዝል» የሚለውን ቃል ግን እዚያ ባያነሱት ይሻላል፤ እኔ አንስቼ የናፍጣ ሞተር ኖዝል ተደርድሮልኝ ያውቃል። የሚቻል ከሆነ ልዩ ልዩ መጠን የያዘ የኦሪንግ ሳጥን ይግዙ።

ተራው ጥቁር ጎማ ለውሃ ቀለም ያገለግላል እንጂ ቲነርን አይችልም፤ ለዚያ ቴፍሎን ያስፈልጋል፤ ቫይተን የሚባለው ጎማም አሴቶን ያለበትን ቲነር አይችልም። ሻጩ የሚነግርዎትን ከመቀበል በፊት አንዱን ቀለበት በክዳን በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ ቲነር አፍስሰው ያሳድሩትና ጠዋት ከአዲሱ ጋር ያስተያዩት፤ ካበጠ ኤርብራሽዎ ውስጥ አይግባ። ይህ ለመርፌው ማሸጊያ ይበልጥ ይሠራል፤ ያበጠ ማሸጊያ መርፌውን አንቆ ስለሚይዘው ቃታው ሲለቁት አይመለስም።

ሩብ ኢንቹን ወደ አንድ ስምንተኛ የሚቀንሰው ማያያዣ የኮምፕረሰርና የአየር መሣሪያ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ፣ አንዳንዴም በቧንቧ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ሲገጥሙት ሁለት ዙር ቴፍሎን ይጠምጥሙበት፤ የመጀመሪያውን ጥርስ ግን ባዶ ይተዉት፤ የተቆረጠ የቴፍሎን ብጣሽ ከገባ ቫልቩን ይዘጋል። የመርፌው ሞላ ከጠፋ ከእስክሪብቶ የወጣ ሞላ በልክ ተቆርጦ ለጊዜው ያገለግላል። እጀታ፣ የጽዋ ክዳን ወይም ያልተለመደ ማያያዣ ሲሆን ደህና ቶርኖ ቤት ይሠራልዎታል። ኖዝል ግን አያሠሩ፤ የቀዳዳው ልስላሴና መካከለኛነት በተራ ቶርኖ የሚገኝ አይደለም።

ናሙና ይዘው ሲሄዱ መርፌውን በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ፣ ኖዝሉን በብልቃጥ ያድርጉ። አንድ ጊዜ ኖዝሌን በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና፣ ታክሲ ውስጥ ላቤን ጠርጌበት መገናኛ ስወርድ ከነሶፍቱ ጣልኩት።

ደረጃ 7። የቀረውን ከውጭ ያስመጡ

መርፌ፣ ኖዝልና የኖዝል ክዳን አንድ ላይ ይዘዙ። መርፌው ከኖዝሉ ቀዳዳ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የሚሞረድ ስለሆነ አንዱን ብቻ መለወጥ አንዳንዴ የቀለም መንጠባጠብን ሊያስከትል ይችላል፤ የክዳኑም ቀዳዳ እንደ መጠኑ ይለያያል። ለቻይናዎቹ ሦስቱም በአንድ ጥቅል የሚሸጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ስም ለሌለው ርካሽ ኤርብራሽ ከሆነ ተመሳሳይ ሙሉ ኤርብራሽ አስመጥቶ አንዱን ለሌላው መለዋወጫ ማድረግ በእኔ ግምት ያዋጣል፤ ቫልቩም፣ ሞላውም፣ ማሸጊያውም አብረው ይመጣሉና።

ከዱባይ ወይም ከቻይናዋ ጓንዡ የሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። ለእሱ የሚልኩት መልእክት የኤርብራሹን ስምና ሞዴል፣ የኖዝሉን መጠን፣ ጥርስ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን፣ የመርፌውን ርዝመትና ከማስመሪያ ጎን የተነሣ ፎቶ ይያዝ። «የኤርብራሽ መርፌ ግዛልኝ» ብቻ ከተባለ ሰውየው ያገኘውን ይዞ ይመጣል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም። ቲነርና ተቀጣጣይ ቀለም ግን አያስጭኑት፤ በመንገደኛ አውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ የተከለከሉ ናቸው።

በፖስታ የሚያስልኩ ከሆነ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያስፈልግዎታል። የራስዎ ከሌለ የመሥሪያ ቤትዎን በፈቃድ ይጠቀሙ፣ ስልክዎንም በአድራሻው ላይ ያጽፉ፤ የቤት ቁጥርና የሰፈር ስም ብቻ የተጻፈበት ጥቅል በእኛ ዳር ሰፈሮች ባለቤቱን ለማግኘት ይቸገራል። ጉምሩክ ቢጠይቅዎት ለማሳየት የከፈሉበትን ደረሰኝ ያትሙ። ኮምፕረሰርም አብረው የሚያዝዙ ከሆነ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ደረጃ 8። የመጣውን ሳይገጥሙ ይመርምሩ

አዲሱን መርፌ መስታወት ላይ ያንከባልሉት፤ ጫፉ ክብ እየሠራ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከመንገድ ላይ ታጥፏል። ኖዝሉን ወደ ብርሃን አቅንተው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት አፉ ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ከዚያ ኖዝሉን በጣትዎ ብቻ ወደ ጥርሱ ያስገቡት። ሁለት ዙር ያለ ትግል ካልሄደ ጥርሱ የእርስዎ ኤርብራሽ አይደለም፤ በመፍቻ አስገድደው ካስገቡት የሚበላሸው የኤርብራሹ አካል ነው፤ የእሱ መለዋወጫ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ደረጃ 9። ይግጠሙና ይሞክሩ

ኖዝሉን በጣት ካስገቡ በኋላ በመፍቻው ጥቂት ብቻ ያጥብቁ፤ መፍቻውን በሁለት ጣት ይያዙት እንጂ በመዳፍ አይጨብጡት። ከመጠን በላይ የጠበቀ ኖዝል አንገቱ ይቆረጥና ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። ክዳኑንና መከለያውን ያስገቡ። መርፌውን አንድ ጠብታ ግሊሰሪን ቀብተው ከኋላ ያስገቡትና ኖዝሉን ሲነካ ያቁሙ፤ ከዚያም ማጥበቂያውን ያጥብቁ። የፀጉር ቅባትም ሆነ ሲሊኮን ያለበት የማሽን ቅባት አይጠቀሙ፤ ሲሊኮን በቀለሙ ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስሉ ባዶ ነጠብጣቦች ያወጣል።

ግፊቱን ከ15 እስከ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) መካከል አድርገው በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃ፣ ቀጥሎ የቀጠነ ቀለም በወረቀት ላይ ይርጩ። ቃታው ሲለቀቅ ቀለሙ ወዲያው መቆም፣ በጽዋው ውስጥም አረፋ አለመታየት አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

መርፌን በኃይል ወደ ፊት መግፋት ቀዳሚው ነው። መብራት ጠፍቶ ኮምፕረሰሩ ሲቆም ቀለሙ ኖዝሉ ውስጥ ይደርቃል፤ ሰውም መብራቱ ሲመለስ መርፌውን ገፍቶ ሊከፍተው ይሞክርና የኖዝሉን አፍ ይሰነጥቃል። መብራት እንደጠፋ ጽዋውን ባዶ አድርገው ማሟሟያ ይሙሉበት፤ መርፌውንም ወደ ኋላ ስበው ይተዉት።

ሁለተኛው፣ ኤርብራሹን ከነጎማዎቹ ቲነር ውስጥ ማሳደር ነው። የሚነከረው ኖዝሉና ክዳኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው፣ በ0.3 ፈንታ 0.2 የተሻለ ይሠራል ብሎ መጠን መቀነስ ነው። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ቀለሙ ይበልጥ መቅጠን አለበት፤ በደረቁ ወራት ደግሞ መዘጋቱ ይደጋገማል። ሞዴል ለሚቀባ ሰው 0.3 ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ሰፋ ያለ ሥራ ወይም ፍሬው የጎላ ቀለም ካለዎት ከ0.3ቱ ጥቅል ጎን የ0.5ቱን ሙሉ ጥቅል አንድ ላይ ይዘዙ።